ጥርስ ብሩሿ የት ነው?

ያ ማክሰኞ ከሌላው ማክሰኞ በምንም አይለይም ነበር። የፀጉር መቁረጫው ማሽን ድምፅ ከታች በወለሉ በኩል ይመጣል። ወንድሜ ያሬድ እንደ ልማዱ ሻዩን አስቀምጦ ረስቶታል። እኔ ኮፒ አነሳለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ አንዲት ክፍል ነበረችን። የሰው ታክስ የምንሠራው እዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ግርማ ከሜሮን ጋር ገቡ። ሜሮን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ጋሽ ግርማ ለጥርሷና ለመንጋጋዋ የከፈሉትን ከታክሳቸው አስቀንሰው ነበር። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ግን ልጅቷ በእርግጥ በእሳቸው ሥር መሆኗን ተጠራጠረና በማግስቱ ጠዋት ቀርበው እንዲያስረዱ ጠራቸው። አንዴ ከዚህ በፊት በዚሁ ጉዳይ ተሸንፈዋል። አሁን ደግመው ከተሸነፉ ሦስተኛ የሚያምናቸው አይኖርም።

ችግሩ አንድ ነበር። ጋሽ ግርማ በሕይወታቸው ሜሮንን "የወንድሜ ልጅ" ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

ያሬድ ወንበሩን አዙሮ የነገውን የታክስ መርማሪ ሆነ። ድምፁን አወፈረ።

"ሜሮን ምንዎ ናት?"

"ልጄ።"

"ጋሽ ግርማ!"

"ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶ።"

"አፍዎ ነገ ጉድ ያደርግዎታል። የልደት ወረቀቷ ላይ የአባቷ ስም አለ። ልጄ ካሉ ውሸታም ይባላሉ፣ የቀረውንም አያምኑዎትም። የወንድሜ ልጅ ካሉ ግን ቤትዎ እስከኖረች ድረስ ሕጉ ይፈቅድልዎታል። እንደገና። ሜሮን ምንዎ ናት?"

"የ..." አሉና አዩዋት። እሷ ስልኳ ላይ ነበረች።

"ባባ፣ ኢትስ ኦኬይ። ኒስ፣ የወንድሜ ልጅ፣ በላቸው። አይ ዶንት ማይንድ፣ አይከፋኝም" አለች ቀና ሳትል።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ? ዝም በይ።"

ያሬድ ሳቀ። "ነገ እሷን ብንልክ ይሻለናል መሰለኝ።"

"ቀልዱን ተወውና፣ ነገ አጠገቤ ትቀመጣለህ አይደል?"

"እቀመጣለሁ። እኔ ራሴ እመጣለሁ አልኩዎ እኮ።"

ይህን ቃል ሰጥቶ ነው የሞተው። በዚያው ቀን።

አሁን ያቺ ክፍል የሌላ ሰው ናት። እኔም የታክሱን ሥራ ትቼ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "ታክስ ደከመኝ" እላለሁ። እውነቱ እንደሱ አይደለም፤ ግን በየመንገዱ አይወራም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዲቪ የመጣሁ ነኝ፤ ጽሕፈት አልተማርኩም። ያሬድ የሚሠራበትን መንገድ ግን ከእኔ በቀር በቅርብ ያየው የለም። እኔ ካልጻፍኩት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ያሬድ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ስመጣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የታክስ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እኔንም መግቢያው ላይ ሰው እንድቀበል አስገባኝ። ቢሮው ከልብስ ማጠቢያና ከፒዛ ቤት መሐል ነው። ባለቤቱ አቶ ሰሎሞን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። "ደንበኛ ፊቱ ፈክቶ ይውጣ" ይሉናል። ፊቱ የሚፈካው ደግሞ ሪፈንዱ፣ ከታክሱ የሚመለስለት ገንዘብ፣ ሲበዛ ነው። አንድ ሰው ሲገባ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ መከፈት አለበት፣ ጣት መንቀሳቀስ አለበት። ሰው ሥራ እየተሠራለት መሆኑን ማየት ይወዳል አሉ።

ያሬድ ይህን አይችልም ነበር። ሰው ፊቱ ሲቀመጥ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያወራዋል። ስለ ሥራ፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። አቶ ሰሎሞን ከመስታወቱ ጀርባ ሰዓታቸውን ያሳዩታል። እሱ አያያቸውም።

የሕክምና ወጪ ጉዳይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰውዬው አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ይገለብጣል። "የልጄ ብሬስ፣ የጥርሷ ማቃኛ ሽቦ ነው፤ ይህን ሁሉ ከፍዬ ከታክስ አይቀነስልኝም?" ያሬድ ፌስታሉን ሳይነካ በፊት ሁለት ነገር ይነግረዋል። ከገቢህ ሰባት ተኩል በመቶ የሚያልፈው ብቻ ነው የሚቆጠረው። እሱም ከቤት ወለድና ከሌላው ተቀናሽ ጋር ተደምሮ መንግሥት ለሁሉም ሰው ከሚሰጠው ተቀናሽ ካልበለጠ ምንም አይጠቅምህም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ፌስታሉን መልሶ ይቋጥራል። አቶ ሰሎሞን ይበሳጫሉ። ያሬድ ግን "ሁለት ሰዓት ካስቀመጥኩት በኋላ አይጠቅምህም ከምለው አሁን ይስማ" ይላል።

ለሚጠቅመው ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ደረሰኝ አንስቶ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ከማን ኪስ? ለማን አካል? መቼ? ይኸው ነው። ኢንሹራንሱ የከፈለውን አንተ አልከፈልክም፣ ይለያል። ከደመወዝ ለሕክምና ተብሎ አስቀድሞ ታክስ ሳይነካው ከተቀመጠው የተከፈለውም ይለያል። የጥርስ ሐኪሙ የሁለት ዓመት ውል ቢያስፈርምህም ውሉ አይቆጠርም፣ በዚያ ዓመት ከእጅህ የወጣው ብቻ። ጥርስ ማቃኛ ይገባል። ጥርስ ነጭ ማድረጊያ አይገባም፣ ጌጥ ነው። ሐኪም ቤት የነዳህበት ማይል እንኳን ይገባል።

በዚህ በማይሉ የተነሳ አንዲት እናት አስቀውናል።

"ለጀርባዬ ፀበል ልጠመቅ ሦስት ሰዓት ነድቼ ሄጃለሁ። እሱስ?"

"እኔ ፈውሱን አምናለሁ እትዬ። እነሱ ግን ደረሰኝ ይላሉ።"

"ቄሱ ደረሰኝ ይቆርጣሉ እንዴ!"

"እንግዲህ እግዚአብሔር ይቁጠርልዎት።"

ሴትየዋ እየሳቁ ወጡ። በዓመቱ ሰባት ሰው ይዘው መጡ።

ጋሽ ግርማ ወደዚያ ወደ አሌክሳንድሪያው ቢሮ ነው መጀመሪያ የመጡት። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ቤት ገዝተዋል። በዚያ ዓመት ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ነበር፤ የሜሮንን ጥርስም ማሠራት ጀምረዋል። ሁሉም ሲደመር ይጠቅማቸው ነበር። ያሬድ ሦስቱንም ጥያቄ ጠየቀ። ከማን ኪስ? ከእኔ። መቼ? በዚህ ዓመት። ለማን አካል?

"ለልጄ።"

ያሬድ ጻፈ።

ወንድማቸው ሲሞት ሜሮን ገና ዳዴ ትል ነበር። ያኔ የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ነበር። ይህን ያሬድ ሳያውቅ አልቀረም። ሀገር ያውቃል። ነገር ግን የወንድሙን ልጅ ልጄ የሚልን ሽማግሌ "ወልደዋታል?" ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የሞተውን ሁለተኛ መቅበር ነው። የእናቲቱን ታክስ ደግሞ ሌላ ቢሮ ሠርቶላት፣ እሷም በእውነቷ ልጅቷን በራሷ ሥር አስመዝግባለች። አንዲት ልጅ ሁለት ቤት ተገኘች።

ደብዳቤው መጣ። የሜሮን ጥርስ ተሰረዘ፣ ሪፈንዱም ከነቅጣቱ ተመለሰ። አቶ ሰሎሞን "ደንበኛው ነው ያሳሳተህ፣ አንተ ምን አገባህ፣ በስልክ ንገረው" አሉት። ያሬድ በስልክ አልተናገረም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤታቸው ሄድን።

ጋሽ ግርማ ደብዳቤውን አላነበቡትም። አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ልጄ አይደለችም ያለው ማነው?"

"ማንም አላለም ጋሽ ግርማ። የት እንደምትኖር ነው ያዩት።"

"እናቷ ጋ ነዋ! ልጅ ከእናቱ ይነጠላል? ጥርሷን ያሠራሁት ግን እኔ ነኝ።"

"አዎ።"

"ታዲያ መንግሥት ውሸታም አለኝ?"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅዎ ጻፍኩ።"

"ብትጠይቀኝስ ምን እልህ ነበር?"

"ልጄ ናት ይሉኝ ነበር።"

"ታዲያ!" አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። አልተመለሱም። ባለቤታቸው በር ድረስ ሸኙን።

መኪናው ውስጥ ያሬድ ቁልፉን ሰካ። "ጥያቄው ነው የተበላሸው" አለ። "ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው። የእኔ ጥያቄ ነው እውነቱን የማያወጣ።"

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ጥያቄ ያገኘው። ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም። ሰው የልጅ ወይም የእናት ወጪ ይዞ ሲመጣ "ልጅህ ናት?" አይልም። "ዲፔንደንት ናት? በሥርህ ናት?" አይልም። ወሬ በሚያወራበት ድምፅ "ጥርስ ብሩሿ የት ነው?" ይላል። ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። አያፍርም። ሳያስበውም ይመልሳል። አንዷ "ሁለት አላት፣ አንዱ እኔ ጋ አንዱ አባቷ ጋ" ትላለች፤ ያሬድ ያኔ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሌሊቶቹን መቁጠር ይጀምራል። አንዱ "ኧረ እኔ ጋ የላትም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምትመጣው" ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ማንም ሰው ስለ ጥርስ ብሩሽ ሲዋሽ አላየሁም።

ያሬድ ከአቶ ሰሎሞን ቢሮ በዚያው ዓመት ወጣ። ሳይጣላ ነው የወጣው። ሰው ወክሎ ታክስ መሥሪያ ቤት ፊት ለመቆም ፈተና አለ፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። ከዚያ በፊት የእኛ ሥራ ወረቀቱን ልኮ መጠበቅ ነበር። "ሰውን ደብዳቤ አስይዘህ ብቻውን አትልከውም" ይል ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያቺን ክፍል ተከራየን። እኔ ፈተናውን አልተቀመጥኩም። ማንበቡ ይቻለኛል፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም። ምላሴ ይያዛል። ያሬድ ያውቃል። "አንተ ፋይል አሰናዳ፣ እኔ አወራለሁ" ብሎ ተካፍለን ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ደንበኛ አልነበረንም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ግርማ ደረጃውን እያነከሱ ወጥተው መጡ። አልተቀመጡም።

"የሜሮን እናት እናቷ ታመውባት አዲስ አበባ ገባች። ልጅቷ እኔ ጋ ናት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥምቀት።"

ያሬድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ጥርስ ብሩሿ የት ነው?"

"የት ይሆናል! እኔ መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ብሩሽ መሰለህ? ለሽቦው መሐል ሌላ ትንንሽ አለ፣ ክር አለ፣ ውኃ የሚረጭ ማሽን አለ። መስታወቴን በሳሙና አልብሳዋለች። ጢሜን የምላጨው በግምት ነው።"

ያሬድ "ይቀመጡ" አላቸው። ተቀመጡ። በመካከላቸው የድሮው ደብዳቤ ነገር ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አልተነሣም።

በዚያ ዓመት የሜሮን መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለ፤ ብሬሱም ለሁለተኛ ጊዜ ታሰረ። ያሬድ ለዚያ ፋይል የደከመውን ለሌላ ሲደክም አላየሁም። የጥርስ ነጭ ማድረጊያውን ደረሰኝ ሜሮን ደብቃ መሐል አስገብታው ነበር፤ አውጥቶ መለሰላት። እኔ ደረሰኞቹን ከላይ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ከታች አድርጌ ሳስር እጄን ያዘኝ።

"ገልብጠው። መጀመሪያ ልጅቷን ቤት አስገባት። ጥርሷ ከዚያ በኋላ ነው።"

አድራሻዋ ያለበትን የትምህርት ቤት ደብዳቤ መጀመሪያ አደረግን። የሕፃናት ሐኪሟን ወረቀት ቀጥሎ። ጥርሱን መጨረሻ።

በዚያ ማክሰኞ ጋሽ ግርማና ሜሮን ከወጡ በኋላ ያሬድ ፋይሉን ሰጠኝ። "አንተ ያዘው፣ እኔ መኪና ውስጥ እረሳዋለሁ።" ዱቄትና ወተት ልግዛ ብሎ ቀድሞኝ ወረደ። ከታች ፀጉር አስተካካዩን ሲያበሽቀው ይሰማኛል፤ "የራስህን ፀጉር ማን ይቁረጥልህ" ይለዋል። የሰማሁት የመጨረሻ ንግግሩ ይህ ነው። ለእኔ እንኳን አልነበረም።

የገበያው መኪና ማቆሚያ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ነበር። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እኔና ያሬድ የምንኖርበት አፓርታማ ወዲያው በሰው ሞላ። የአጎታችን ልጅ ሰናይት ከሮክቪል መጥታ ሁሉንም ያዘች፤ ወንበር አስመጣች፣ አዲስ አበባ ማን እንደሚያረዳ ወሰነች። ጋሽ ግርማም መጡ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ነገ ምንም አላሉኝም። እኔም አላልኳቸውም።

ሲነጋ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሁለት ጥርስ ብሩሽ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አለ። ሰማያዊው የእሱ ነው። በያሬድ ሕግ ከሄድን ያሬድ አሁንም እዚህ ነው የሚኖረው። የእኔን አንሥቼ ጥርሴን ታጠብኩ። የእሱን አልነካሁትም። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩና ፋይሉን ያዝኩ።

ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው?"

"ጋሽ ግርማ ቀጠሮ አላቸው።"

"ዛሬ? ወንድምህ አስከሬኑ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?"

"ቀጠሮው የእሱ ነው።"

"ደውለህ አስለውጠው።"

"እመጣለሁ ብሏቸዋል ሰኒ።"

አየችኝ። ከዚያ ከራሷ ትከሻ ላይ ጥቁሩን ሹራብ አውልቃ ሰጠችኝ። "ይበርድሃል። ቶሎ ና።"

ጋሽ ግርማ ከታች፣ ሕንፃው በር ላይ ቆመው ነበር። ከረባት አስረዋል። መቼ ሄደው መቼ እንደተመለሱ አላውቅም። "አትመጣም ብዬ ነበር" አሉ። "እኔም አይመጡም ብዬ ነበር" አልኳቸው። በሜትሮ ሄድን።

እንዴት እንደረቱ ጋሽ ግርማ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ፤ ሜሮንም ብሬሱን አውልቃ ስትስቅ ያያት ያውቀዋል። እኔ የምጽፈው የመጀመሪያዋን ጥቂት ደቂቃ ነው።

መርማሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። የውክልናውን ወረቀት አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"ያሬድ አንተ ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "እኔ ፈቃድ የለኝም። ላስተረጉም ነው የመጣሁት።"

"እሱስ?"

ከሆስፒታል ጀምሮ ያንን ቃል ሌሎች ናቸው የተናገሩት። ሰናይት ናት፣ ሐኪሙ ነው። እኔ አልተናገርኩትም። ምላሴ ተያዘ።

"ትናንት ሞተ" አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አዘነች። ቀጠሮውን ለሌላ ጊዜ ማዛወር እንደምትችል፣ ምንም ጉዳት እንደሌለው በቀስታ ነገረችን። ለጋሽ ግርማ ተረጎምኩላቸው።

"አይዛወርም በላት።"

አልኳት። እስክሪብቶዋን አንሥታ ጥያቄዋን ጀመረች። ሜሮን ምንዎ ናት?

መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ቃሉን ያውቁታል። ዞር ብለው አዩኝ። የለበስኩትን የሰናይትን ሹራብ አዩ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሩና እጃቸውን ልክ እንደ ያሬድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።

"የወንድሜ ልጅ ናት። እኔም ወንድሜ ሞቷል።"

ፋይሉን ከፈትኩ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አወጣሁና ከሁሉ በፊት ፊቷ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ልጅቷን ቤት አስገባኋት።